«ደረቁን ዘንግ ግዙ» ያላችሁት ይታረምልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን እየጠጣሁ አነባለሁ። ባለፈው በሐዋሳ ሐይቃችን ላይ ዓሣ በማጥመድ ስለመዝናናት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሳይ ደስ አለኝ። ስለ መረብና ስለ ገበያ ሲጻፍ እንጂ በዘንግ ስለሚያጠምድ ሰው ሲጻፍ ብዙም አላየሁም። ግን መሃሉ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «ዘንግ ስትገዙ ደረቁንና የማይታጠፈውን ምረጡ፣ ትልቅ ዓሣ ቢመጣም አይበገርም» ትላለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ማታ የእህቴ ልጅ ቤት መጣ። ጋዜጣዋን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከቷታል። «አጎቴ፣ የክራንክቤይት ዘንግ ልገዛ ነው፤ ጋዜጣው ደረቁን ግዙ ይላል፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። ድንግጥ አልኩ። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ገንዘቡን ያጠራቀመው ክረምቱን ሙሉ ባጃጅ እያጠበ ነው። ለሌላ ዓይነት ማጥመድ ቢሆን ኖሮ ምክራችሁ ያን ያህል ባልከፋ። ለክራንክቤይት ግን የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ዓሣ እያመለጠኝ ነው፣ እሱ ደግሞ በገንዘቡ እንዲማረው አልፈልግም።

ክራንክቤይት ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት የተሠራ ትንሽ ዓሣ ነው። አገጩ ሥር ወደ ፊት የወጣች ጠፍጣፋ ምላስ አለችው። ወርውረህ ክሩን ስትጠቀልል ውሃው ምላሷን ይገፋትና ማጥመጃው ወደ ታች ይጠልቃል፣ ወገቡንም እየነቀነቀ ይዋኛል። ምላሷ ረጅም ከሆነች በጣም ይጠልቃል፣ አጭር ከሆነች ከላይ ከላይ ይሄዳል። አብዛኞቹ መጠቅለል ስታቆም ተመልሰው ይንሳፈፋሉ። ሆዱና ጭራው ላይ ደግሞ ሁለት መንጠቆ ይንጠለጠላል፣ እያንዳንዱ ሦስት ጥርስ አለው። ጥርሶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ስለታቸውም ኃይለኛ ነው። እነዚህን ቀጫጭን ጥርሶች ልብ በሉልኝ፤ የዘንጉ ጉዳይ በሙሉ የሚመጣው ከእነሱ ነው።

እኔ መጀመሪያ የያዝኩት ዘንግ ልክ እናንተ እንደመከራችሁት ነበር። ካርቦን፣ ቀላል፣ ደረቅ። ጫፉ ላይ ትንሽ ይነቃነቃል፣ ከዚያ በታች ግን እንደ ብረት ነው። ጓደኞቼ እየተቀባበሉ ይነቀንቁትና «ይሄ ነው ዘንግ!» ይሉ ነበር፣ እኔም አምኜ ነበር። አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሐይቁ ገና ነፋስ ሳይነካው፣ ከፊላው ጠርዝ ላይ ቆሜ ወረወርኩ። ሦስተኛው ውርወራ ላይ ንዝረቱ ድንገት ቆመና ክሩ ወደ ጎን ሄደ። ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ነበር። ውሃው ላይ ሲገለበጥ ጎኑ ወርቅ መስሎ አየሁት። በደስታ ዘንጉን በሁለት እጄ ወደ ላይ መነጨኩት። ክሩ ላላ። ማጥመጃው እየበረረ መጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ከኋላው መንጠቆ አንዱ ጥርስ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል የከንፈር ቁራጭ ተሰክታለች። ነጭ ሆና፣ ዳሯ ላይ ቀይ መስመር ነበራት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው መጣ። እሱም እንዲሁ ሄደ።

ትንሽ ራቅ ብለው በእንጨት ጀልባቸው ላይ መረብ የሚያራግፉ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለቱንም አይተዋል። ጀልባዋን ቀረብ አድርገው ዘንጌን በዓይናቸው ለኩትና «ልጄ፣ ዘንግህ እኮ አይሰግድም» አሉኝ። «ምን ማለት ነው አባባ?» ስላቸው «ዓሣው ሲስብ አብሮት ጎንበስ የማይል ዘንግ ከንፈር ይቀዳል» አሉ። በሕይወታቸው ክራንክቤይት ወርውረው አያውቁም፣ መረብ ነው ሥራቸው። ግን ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሱት።

በኋላ ነገሩን ሳጠና ገባኝ። ክራንክቤይት እየተጠቀለለ፣ እየሄደ ነው የሚነከሰው። ዓሣው ከኋላ ወይም ከጎን መጥቶ አፉን ከፍቶ ውሃውን ከነማጥመጃው ይስበዋል። ዘንጉ ደረቅ ከሆነ ዓሣው ገና አፉን ሳይዘጋ ያንተ እጅ ይደርስበታል፣ ማጥመጃውን ከአፉ ትነጥቀዋለህ። ዘንጉ ለስላሳ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጫፉ፣ ቀጥሎ መሃሉ ይለጠጣል። ያቺ ቅንጣት ሰከንድ ለዓሣው ትበቃዋለች፤ አፉን ይዘጋል፣ ዞር ይላል፣ ዞር ሲል ራሱን በራሱ ይሰካል። ሁለተኛው ነገር ከተያዘ በኋላ የሚመጣው ነው። አንድ ወፍራም መንጠቆ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ብትጎትተውም ይችላል። የክራንክቤይት ቀጫጭን ጥርሶች ግን ብዙ ጊዜ የሚይዙት ላይ ላዩን ነው፣ ቆዳና ከንፈር። ዓሣው ጭንቅላቱን ባራገፈ ቁጥር፣ ወደ ታች በሮጠ ቁጥር፣ ቀዳዳው ይሰፋል። የሚታጠፍ ዘንግ እንደ መኪና ባሌስትራ ነው። መንገጫገጩን እሱ ይውጠዋል፣ ከንፈሩ ጋ አይደርስም።

ሰው የሚሳሳተው ሁለት ነገሮችን አንድ ስለሚያደርግ ይመስለኛል፤ ጽሑፋችሁም የተሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። የዘንግ ኃይል አንድ ነገር ነው፣ የዘንግ መታጠፊያ ሌላ ነገር ነው። ኃይል ማለት ዘንጉን ለማጠፍ ምን ያህል ክብደት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ከደካማው ወደ ብርቱው ላይት፣ ሚዲየም፣ ሚዲየም ሄቪ፣ ሄቪ እያሉ ይጽፉበታል። መታጠፊያ ማለት ደግሞ ዘንጉ የቱ ጋ ነው የሚታጠፈው ማለት ነው። ጫፉ ላይ ብቻ የሚታጠፈውን ፋስት ይሉታል፣ እስከ መሃሉ የሚታጠፈውን ሞደሬት፣ ከእጀታው ጀምሮ የሚታጠፈውን ስሎው። ስለዚህ ዘንግ ብርቱም ሆኖ የሚታጠፍ ሊሆን ይችላል። ደካማም ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ የሚታጠፍ አለ። ለክራንክቤይት የሚፈለገው ሞደሬት ነው። ኃይሉን እንደ ዓሣውና እንደ ማጥመጃው ትመርጣለህ፣ መታጠፊያው ግን ሞደሬት መሆን አለበት።

መታጠፉ ሲወረውሩም ይጠቅማል። ዘንጉ ወደ ኋላ ስትወስደው ከመሃሉ ተለጥጦ እንደ ወንጭፍ ይተኩሳል። እጅህ ብዙ ሳይደክም ማጥመጃው ሩቅ ይሄዳል። ክራንክቤይት ደግሞ ሩቅ ካልተወረወረ ልኩ ላይ አይደርስም። መጥለቅ የሚጀምረው መጠቅለል ስትጀምር ነው፣ ወደ አንተ ሲቃረብ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል፤ ስለዚህ ዓሣው ባለበት ጥልቀት የሚቆየው መሃል ላይ ብቻ ነው። ውርወራው አጭር ከሆነ ያቺ መሃል ትጠፋለች።

ስለ መሥሪያው ልምጣ። የድሮዎቹ የፋይበር ግላስ ዘንጎች በተፈጥሯቸው እንዲህ ይታጠፋሉ፣ ለዚህ ሥራ አሁንም የሚወዳቸው ሰው ብዙ ነው። ችግራቸው ክብደት ነው። ጠዋት ጀምረህ እስከ 4 ሰዓት ስትወረውር አንጓህ ይዝላል። ካርቦን ቀላል ነው፣ እያንዳንዷን ንቅናቄ ይነግርሃል፣ ግን ብዙዎቹ ደረቅ ናቸው። ሁለቱን ቀላቅለው የሚሠሯቸው አሉ። የእኔ አሁን ቅልቅል ነው። የማጥመጃው ንዝረት እጄ ላይ ይመጣል፣ ትር ትር ትር እያለ። ንዝረቱ ሲቀየር ሳር እንደያዘ አውቃለሁ፣ ሲቆም ደግሞ ዓሣ ነው ብዬ እጠብቃለሁ። ሞደሬት ተብሎ የተሠራ ካርቦንም አለ፣ እሱም ጥሩ ነው። ሰው ፋይበር ግላስ ሲባል ርካሽና ተሰባሪ ይመስለዋል። እንደ እኔ ካርቦኑ ነው በር ሲዘጋበት ወይ ድንጋይ ሲመታው ቶሎ የሚሰነጠቀው።

አሁን የእህቴ ልጅ ጋ ልመለስ። እሱን ያስተማርኩትን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላም ልጅ ያነበው ይሆናል። ከእጀታው ከፍ ብሎ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን አንብብ አልኩት። ርዝመቱ በጫማ ተጽፎ ታያለህ፤ 7 ጫማ ማለት 2 ሜትር ከ13 ሳንቲም ነው። ከዚያ የሚወረውረው ክብደት አለ። በአውንስ ከሆነ አንድ አውንስ 28 ግራም ነው፤ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ አውንስ የሚል ከሆነ ከ7 እስከ 21 ግራም ማለት ነው። አብዛኞቹ መካከለኛ ክራንክቤይቶች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ማጥመጃህ ከዚያ ከቀለለ ዘንጉ አይለጠጥልህም፣ ከከበደ ደግሞ ሊሰበር ይችላል።

ጽሑፉን ብቻ አትመን፣ ፈትነው። አንድ ሰው ጫፉን በጣቱ ቀስ አድርጎ ይያዝልህ፣ አንተ እጀታውን ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ላይ አንሳ። የላይኛው አንድ ሦስተኛ ብቻ ከታጠፈ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጎብጦ መሃሉ ድረስ ከወረደና ከታች ግን ጠንከር ካለ እሱ ነው። ዘንጉን መሃል ላይ በእጅህ ይዘህ እንዳታጎብጠው፣ እንዲያ ነው የሚሰበረው። ከዚያ ቀለበቶቹን ተመልከት። ጥጥ ወይም ስስ ጨርቅ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሳልፍ። ጥጡ ከያዘ ጭረት አለ ማለት ነው፣ ያ ጭረት ክርህን በሳምንት ውስጥ ይበላዋል። ሁለት ቁራጭ የሆነ ዘንግ ከሆነ አገጣጥመህ ነቅንቀው፣ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ ተወው። ሁለት ቁራጭ መሆኑ በራሱ ምንም ክፋት የለውም፤ በባጃጅ ለሚሄድ ሰው እንዲያውም ሌላ አማራጭ የለም።

እዚህ ከተማ እንደ ልብ አማርጦ መግዛት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔ የመጣችው በዘመድ ሻንጣ ነው። ብዙዎቻችን «ሲመጣ ዘንግ ይዞልኝ ይምጣ» ነው የምንለው። እባካችሁ እንዲህ ብላችሁ አትላኩ። «7 ጫማ፣ ሚዲየም፣ ሞደሬት፣ ከ7 እስከ 21 ግራም፣ ሁለት ቁራጭ» ብላችሁ በወረቀት ጻፉ። ያለዚያ ሻጩ ያለውን ይሰጠዋል፣ የሚመጣውም ያው ደረቁ ነው።

ሪሉ (የክር መጠቅለያው) እና ክሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ሪሉ ዝግ ያለ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ስታዞረው አምስት ጊዜ ገደማ የሚጠቀልል ለጠላቂ ማጥመጃ ይበቃል፣ ክንድህንም ያሳርፋል። ክሩ 0.30 ሚሊ ሜትር ናይለን ቢሆን ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ እሱ ራሱ ትንሽ ይለጠጣል። የተጎነጎነው ክር አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ደረቅ ዘንግ ላይ የተጎነጎነ ክር ከጠቀለልክ ዓሣውን በሽቦ እንደመጎተት ነው።

ሌላው ጽሑፋችሁ ያልነካው ነገር የትኛው ዓሣ ነው የሚለው ነው። በሐይቃችን በብዛት የሚያዘው ቆሮሶ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደን በአዋዜ የምንበላው፣ የምንጠብሰው፣ ሾርባውን የምንጠጣው እሱ ነው። ቆሮሶ በዋናነት የሚበላው ውሃው ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ዋቅላሚ ነው፣ ትንሽ ዓሣ አያሳድድም። ስለዚህ ለቆሮሶ ብሎ ክራንክቤይት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ውሃ ውስጥ ጣለው ማለት ነው። ቢያዝ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያዘው በሆዱ ወይም በጀርባው ተወግቶ ነው፣ ያ ደግሞ ማጥመድ አይባልም። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምትጠብቅ ዓሣ ናት፤ እሷን በሦስት ጥርስ መንጠቆ መውጋት ያሳዝነኛል። ለቆሮሶ ቀጭን ዘንግ፣ ትንሽ መንጠቆና ትል ይበቃል። ክራንክቤይት ለአምባዛና ለትልልቅ ቢልጫ ነው፣ እነሱ ትናንሽ ዓሣ ይበላሉ።

ሐይቃችን ጥልቅ የሚባለው ቦታው 22 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዳር ሆኖ ለሚወረውር ሰው ግን ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ሳርና ፊላ አለበት። ረጅም ምላስ ያለው ማጥመጃ እዚህ የሚጠልቀው ጭቃና ሳር ውስጥ ነው። አጭር ምላስ ያለውን ያዙ። ድንጋይ ሲነካ መጠቅለሉን አንድ አፍታ አቁሙት፣ ራሱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ ሚዲየም ዘንግ ይበቃል። ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ ጫሞ ሐይቅ ላይ ናይል ፐርች ለሚፈልግ ሰው ሌላ ነው። ዓሣው ከባድ ነው፣ ማጥመጃውም ትልቅ ነው፣ ኃይሉ ሄቪ ይሁን። መታጠፊያው ግን እዚያም ሞደሬት ነው። እዚያ ያለው ስጋት ደግሞ አዞ ነውና ከውሃው ዳር ራቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ መረብ። አጥማጆቹ ማታ ዘርግተው ጠዋት ነው የሚያነሱት። ዘንግ ይዞ ጎህ ሲቀድ የሚወርድ ሰው ማጥመጃውን መረቡ ላይ ሊጥል ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ጥያለሁ። ስድስት ጥርስ መረብ ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚጠላለፍ ያየ ያውቀዋል። ለማላቀቅ ስታገል ቀደድኩት፣ ባለቤቱ ሲመጣም ነግሬ ከፈልኩት። ያ መረብ የልጆቹ እንጀራ ነው። ከመወርወራችሁ በፊት «መረቡ የት ድረስ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳዩት። የተቆረጠ ክርም ዳር ላይ አትተዉ። አባ ኮዳ እግሩ ላይ ክር ተጠምጥሞበት ሲያነክስ አይቻለሁ። ያ ወፍ እጅ የለው፣ በምን ይፈታዋል? የመንጠቆውን ጥርስ ሾህ ደግሞ በፒንሳ ተጭናችሁ ብታስተኙት ከዓሣውም ከጣታችሁም በቀላሉ ይወጣል። ዘንጉ የሚሰግድ ከሆነ ክሩ ውጥር እንዳለ ስለሚቆይ ሾህ ባይኖረውም ዓሣው በቀላሉ አያመልጥም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ያቺን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም እንድታርሟት ነው። ሙሉ ገጽ አልፈልግም። «ለክራንክቤይት የሚሆነው እስከ መሃሉ የሚታጠፍ ዘንግ ነው» የምትል አንድ መስመር ትበቃኛለች። ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር እኛ ሰፈር ይታመናል፤ የእህቴ ልጅ እንኳ እኔን አጎቱን ከማመኑ በፊት ሁለት ጊዜ ጋዜጣውን አውጥቶ አሳይቶኛል።

ለጊዜው ገንዘቡን አላወጣም። እሁድ ጠዋት አብረን ወረድን። የድሮውን ደረቅ ዘንግ በአንድ እጁ፣ የአሁኑን በሌላ እጁ አስያዝኩትና አንድ ዓይነት ማጥመጃ አሰርኩለት። በደረቁ አራት ጊዜ ወረወረ፣ አራቴም አጠረበት። በሌላው ሲወረውር ዘንጉ ከኋላው ጎብጦ ሲመለስ አየሁት፣ ክሩ «ሽውውው» ብሎ ሄደ፣ ማጥመጃው ከፊላው ወዲያ ማዶ ጠብ አለ። ዓሣ አልያዘም ያን ቀን። መጠቅለል ጀመረና «አጎቴ፣ ይንቀጠቀጣል! እጄ ላይ ይሰማኛል!» አለኝ። እስከ 3 ሰዓት ድረስ ዘንጉን አልመለሰልኝም።

አክባሪያችሁ፣
ከሐዋሳ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ